ትንፋሽ በውክልና

(የሐኪም ቤት ክፍል። ከመስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ አናጢው ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከትናንት ወዲያ አስሙ ተነሥቶበት በሰው ሸክም ነው የገባው፤ ዛሬ ፊቱ ተመልሷል። አስታማሚው የሚስቱ ወንድም ነው። ሥራው ፀጉር ማስተካከል ነው። ደንበኞቹ ሊቁ ይሉታል፤ እሱም እንደ ምስጋና ተቀብሎታል። ሊቁ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ፣ ሱሪው ርሶ ይገባል።)

ሊቁ፦ ይህ ጠርሙስ እኮ ቀዳዳ ነው።

አናጢው፦ አዎ።

ሊቁ፦ አዎ ትለኛለህ? ከቧንቧው እስከዚህ ድረስ ሱሪዬ ላይ ሲፈስ መጣ። ኮሪደር ላይ ያለ ሰው ሁሉ እያየኝ መንገድ ለቀቀልኝ።

አናጢው፦ ውኃ ሞላህበት?

ሊቁ፦ ሰው ጠርሙስ ውስጥ ምን ይሞላል?

አናጢው፦ መድኃኒት መሳቢያዬ ነው። ሲስተሯ ናት ሽቦ አግላ የበሳችው። ሰማያዊው መድኃኒት ከታች በቀዳዳው ይገባል፣ እኔ በአፉ በኩል እስበዋለሁ። ቀዳዳውን ግን ልብ ብለኸዋል? ልክክ ያለ ነው። እኔ ብበሳው እንደዚህ አይገጥምልኝም።

ሊቁ፦ እኔ ትልቅ ሐኪም ቤት ነው ብዬ ነው ያመጣሁህ። ቀዳዳ ጠርሙስ የሚሰጡ መሆኑን ባውቅ ከቤት ይዘን እንመጣ ነበር።

አናጢው፦ የቤቱ አያፈስም።

ሊቁ፦ (ጥቂት አስቦ) እሱስ እውነትህን ነው።

አናጢው፦ በል አድርቀው። ውስጡ እርጥብ ከሆነ መድኃኒቱ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል ብላኛለች።

(ሊቁ ከትከሻው ፎጣ አውርዶ ወደ ጠርሙሱ ውስጥ ሊሰድ ይሞክራል።)

አናጢው፦ ፎጣው ላይ ፀጉር አለ።

ሊቁ፦ ንጹሕ ፀጉር ነው። ታጥቦ ነው የተቆረጠው።

አናጢው፦ ተወው፣ መስኮቱ ላይ አስቀምጠው፣ ፀሐይ ያድርቀው። የሰው ፀጉር ከምስብ እጠብቃለሁ።

(ሊቁ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ ያቆመዋል፤ ወንበሩን ስቦ ይቀመጣል።)

ሊቁ፦ ለነገሩ ጠርሙስም አያስፈልግህ። እኔ ሽቶ ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። አፍህን ትከፍታለህ፣ ፍሽሽ ታደርገዋለህ፣ በቃ።

አናጢው፦ እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው። ሲስተሯ አሳየን አለችኝ፣ አሳየኋት። 'እስከ ዛሬ ምላስዎን ነው ሲያክሙ የኖሩት' አለችኝ።

ሊቁ፦ ምላስህስ ምን ሆነ?

አናጢው፦ ምንም። ምላሴ አስም የለበትም። እና አሁን በደንብ አስተምራኛለች። ይናጣል፣ ትንፋሽ ይወጣል፣ አንዴ ይጫናል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይሳባል፤ ከዚያ አምቆ መያዝ ነው።

ሊቁ፦ ቀስ ብሎ? የታፈነ ሰው ቀስ ይላል? ቤትህ ሲቃጠል ቀስ ብለህ ነው የምትወጣው?

አናጢው፦ ቤት ሲቃጠል እንዴት እንደምወጣ አልጠየቅኳትም።

ሊቁ፦ ከዚህ ስትወጣ እኔው አሳይሃለሁ።

አናጢው፦ ዶክተሩም ስለ አንተ ጠይቆኛል።

ሊቁ፦ (ሸሚዙን እያስተካከለ) ስለ እኔ?

አናጢው፦ በየቀኑ የሚሳበውን ቡናማውን መድኃኒት ለምን አቆምክ አለኝ። የሚስቴ ወንድም አቁም ስላለኝ ነው አልኩት። ሐኪም ነው ወይ አለኝ። ፀጉር አስተካካይ ነው አልኩት። ዝም ብሎ መጻፍ ጀመረ።

ሊቁ፦ ምን ብሎ ጻፈ?

አናጢው፦ አላየሁትም። ግን ረዥም ነበር።

ሊቁ፦ እኔ ያልኩህ ግልጽ ነገር ነው። ደኅና ሆነሃል፤ ደኅና ሰው መድኃኒት አይወስድም። ሳንባህን ሰነፍ ታደርገዋለህ። እኔ ለአንተው አስቤ ነው ወስጄ ሱቄ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩልህ፣ እንዳይባክን።

አናጢው፦ አልባከነም። እኔ ነኝ ልባክን የነበረው።

ሊቁ፦ ታዲያ ደኅና በሆንክበት ቀን ምን ሊሠራልህ ነው?

አናጢው፦ ዶክተሩ ብዙ አስረዳኝ፣ በበር ነው የገባኝ። ክረምት ሲገባ እርጥበት የጠጣ መዝጊያ ያብጣል አይደል? ብትገፋው አይከፈትም። ሰማያዊው በሩን ገፍቶ የሚከፍት ነው። ቡናማው ደግሞ እንጨቱ ከነጭራሹ እንዳያብጥ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ነው፤ በሩ እየተከፈተም ቢሆን።

ሊቁ፦ ዶክተሩ እንጨት ያውቃል?

አናጢው፦ አያውቅም። እንጨቱን እኔ ነኝ ያመጣሁት። ሰምቶኝ 'ልክ ነው' አለ፤ ከዚያ የቢሮው በር አልዘጋ እንዳለው ነገረኝ። ስወጣ አየዋለሁ ብየዋለሁ።

ሊቁ፦ አሁን ያዘዘልህን ክኒንስ? እሱን እንኳ ሁሉንም እንዳትጨርስ። ግማሹን ለሚቀጥለው ጊዜ አስቀምጥ።

አናጢው፦ ደኅና ነኝ ብለህ እንዳታቋርጥ፣ እስከ መጨረሻው ጨርስ ነው ያለኝ። ለሚቀጥለው ጊዜ ካስቀመጥኩለት የሚቀጥለው ጊዜ ይመጣል።

ሊቁ፦ እነሱ ያሉህን ሁሉ ልታደርግ ነው?

አናጢው፦ አንተ ያልከኝን ሳደርግ ነበር።

(ሊቁ መስኮቱ ደፍ ላይ ያረፈውን የጠርሙሱን ጥላ በፎጣው ይጠርጋል።)

አናጢው፦ አልተቀየምኩህም። ያን ቀን አንድ ቁም ሣጥን በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ውዬ፣ አቧራውን ለብሼ ገባሁ። ልጄ ምን ላምጣልህ አለችኝ። 'ውኃ' ልላት ነው፤ 'ው' አልኩ፣ 'ኃ'ው አልመጣም። ቆማ ጠበቀችኝ። ኩባያውን ይዛ፣ ቀሪውን እስክናገርላት። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ታውቀዋለህ፣ አንተ ነህ የተሸከምከኝ።

ሊቁ፦ ከባድ ነህ።

አናጢው፦ ዛሬ ጠዋት ነቃሁ፤ ስተነፍስ ሳላስበው ነው። ገባ፣ ወጣ። ተመስገን አልኩ ጮክ ብዬ። እዚያ ማዶ የተኛው ሰውዬ 'ምን አገኘህ?' አለኝ። አየር አልኩት።

ሊቁ፦ እሱስ ምን አለህ?

አናጢው፦ 'የት?' አለኝ። (ስልኩን እያየ) ልጅቷ ግን እኔ ካልመጣሁ ቤት አልገባም ብላለች። ደጃፍ ላይ ነው የምትውለው። እናቷ እየጎተተች ነው የምታስገባት። ዛሬ እመጣለሁ ብያታለሁ። መውጣቱ ካልሆነልኝ ምን እላታለሁ?

(ሲስተር ትገባለች። በእጇ ጠቋሚ ያለው፣ በቀይ በቢጫና በአረንጓዴ የተቀለመ የትንፋሽ መለኪያ ይዛለች።)

ሲስተር፦ እንዴት ዋሉ? ጠዋት ቢጫው ላይ ነበሩ። አሁን አረንጓዴው ጋ ከደረሱ ዶክተሩ ይፈርማል፣ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። ካልደረሱ እንቆያለን። ቆመው፣ በረዥሙ ስበው፣ ባለዎት ኃይል በአንድ ጊዜ እፍ።

(ከኮሪደሩ ሲስተርን የሚጠራ ድምፅ ይሰማል።)

ሲስተር፦ መጣሁ። በሽተኛ ገብቶ ነው። ደጋግመው ይንፉና ጠቋሚውን የተሻለው ላይ እንደቆመ ሳይነኩ ይተዉልኝ።

(መለኪያውን ለአናጢው ሰጥታ ትወጣለች። አናጢው ከአልጋው ይወርዳል። ሊቁ እጁን ይዘረጋል።)

ሊቁ፦ አምጣ።

አናጢው፦ ምኑን?

ሊቁ፦ እሱን። እኔ እነፋልሃለሁ።

አናጢው፦ የጠየቀችው የኔን ነው።

ሊቁ፦ እዚህ እኔ ነኝ ያለ ሳንባ ቆሞ እያለ በበሽተኛ ሳንባ ምን አደከመን? ልጅቷን ማየት ትፈልጋለህ አትፈልግም?

አናጢው፦ እፈልጋለሁ።

ሊቁ፦ ሰው በውክልና ቤት ይሸጣል፣ በውክልና መኪና ይገዛል። ትንፋሽ ምን የተለየ ነገር አለው? መሣሪያው እንደሆነ ያንተን ከኔ አይለይም።

አናጢው፦ ማታለል አይሆንም?

ሊቁ፦ ማገዝ ነው። ተሸክሜ አስገብቼሃለሁ፣ ነፍቼ አስወጣሃለሁ። ለማንም አልናገርም ብለህ ማልልኝ ብቻ።

አናጢው፦ መማል አልወድም። አልናገርም ካልኩ ግን አልናገርም።

(ሊቁ ይነሣል። ኮሌታውን ያስተካክላል፣ ደረቱን ይነፋል፣ መለኪያውን ወደ አፉ ወስዶ እፍ ይላል። ሁለቱም ያያሉ።)

አናጢው፦ ቀይ ነው።

ሊቁ፦ ማሟሟቂያ ነው።

(ደግሞ ይነፋል።)

አናጢው፦ ቀይ ነው። ከቅድሙ ዝቅ ያለው ቀይ።

ሊቁ፦ መሣሪያው ደክሞታል።

አናጢው፦ ጠዋት ለኔ አልደከመውም።

ሊቁ፦ ጠዋት ማንም አልነካውማ። እስቲ ያዝልኝ ይህን ፎጣ።

(ፎጣውን ያቀብለዋል። በሙሉ ኃይሉ ይነፋል። ሳል ይይዘዋል፤ የአልጋውን ብረት ይዞ ያስላል።)

አናጢው፦ ወንድሜ፣ ተቀመጥ።

ሊቁ፦ ያንተ ምራቅ ነው የደፈነው።

አናጢው፦ ስጠኝ፣ እኔው ልንፋው።

ሊቁ፦ አንተ? ጤነኛው ነፍቼው እንዲህ ካደረገኝ አንተንማ ይገድልሃል። ለእህቴ ምን ብዬ ልነግራት ነው?

(ሲስተር ትመለሳለች። ሊቁ መለኪያውን አልጋው ላይ ጣል አድርጎ ይቀመጣል። ሲስተር አንሥታ ታያለች።)

ሲስተር፦ ቀይ?

(አናጢውን አስቀምጣ ደረቱንና ጀርባውን በማዳመጫ ታዳምጣለች፣ ጣቱ ላይ መቆንጠጫ ታደርጋለች፣ እንደገና መለኪያውን ታያለች።)

ሲስተር፦ ደረትዎ ንጹሕ ነው። ኦክስጅንዎም ደኅና ነው። ይኼ ግን ምንድን ነው? በደንብ ነፍተዋል?

አናጢው፦ በደንብ ተነፍቷል።

ሲስተር፦ በሙሉ ኃይል?

አናጢው፦ የተቆጠበ ኃይል የለም።

ሊቁ፦ መሣሪያው ነው ሲስተር። እኔ መሣሪያ ሳየው አውቃለሁ። የፀጉር ማሽንም ሲያረጅ ልክ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

(ሲስተር አፍ ውስጥ የሚገባውን የወረቀት ቱቦ ቀይራ ራሷ ትነፋለች። ጠቋሚዋ አረንጓዴው መጨረሻ ድረስ ትሄዳለች። ሲስተር ጠቋሚዋን ለሊቁ ታሳየዋለች።)

ሲስተር፦ ደኅና ነው መሣሪያው። (ለአናጢው) አዝናለሁ። በዚህ ትንፋሽ ወደ ቤት ብልክዎት ሌሊቱን መልሰው ያመጡዎታል። ዛሬ መውጣቱ ይቅር።

አናጢው፦ እሺ ሲስተር።

(ስልኩ ይጮኻል። አናጢው ያነሣዋል።)

አናጢው፦ ወዬ እናቴ። ... አሁንም ደጃፍ ላይ ነሽ? ... አይ፣ የዛሬው ሳይቀር አልቀረም። ነገ እግዜር ካለ። ... አላመመኝም፤ እያወራሁሽ አይደል? ... ሙሉ ቃል ነው የማወራው፣ ስሚኝማ፦ ውኃ። ... አዎ፣ ሁለቱንም አልኩት። ... ግቢ በቃ፣ ብርድ ነው።

(ስልኩን ይዘጋል። ሲስተር ወደ በሩ ትራመዳለች። ሊቁ ጫማውን ያያል።)

ሊቁ፦ ሲስተር።

ሲስተር፦ አቤት።

ሊቁ፦ ያ ቀዩ የሱ አይደለም።

ሲስተር፦ የማን ነው?

ሊቁ፦ የኔ ነው።

አናጢው፦ እኔ አልተናገርኩም።

ሊቁ፦ አልተናገርክም።

(ሲስተር ከበሩ ትመለሳለች። አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች።)

ሲስተር፦ እርስዎ ነዎት የነፉት?

ሊቁ፦ በውክልና።

ሲስተር፦ (ወረቀቱን ቀይራ መለኪያውን ለአናጢው ትሰጠዋለች) እርስዎ ይንፉ። እኔ እያየሁ።

(አናጢው ቆሞ፣ በረዥሙ ስቦ፣ ይነፋል።)

ሲስተር፦ አረንጓዴ። (አንዴ ተንፍሳ) ተመስገን። እርስዎ ይሄዳሉ። (ወደ ሊቁ ዞራ) እርስዎ ግን አልጋው ላይ ይቀመጡ።

ሊቁ፦ እኔ አስታማሚ ነኝ።

ሲስተር፦ አውቃለሁ። ይቀመጡ።

(ሊቁ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሲስተር ማዳመጫውን ጀርባው ላይ ታደርጋለች።)

ሲስተር፦ ሌሊት ያስልዎታል?

ሊቁ፦ እንደ ማንኛውም ሰው።

ሲስተር፦ ማለት?

ሊቁ፦ ማለትማ፣ ተነሥቶ መስኮት ከፍቶ ቆሞ አስሎ፣ ተመልሶ መተኛት ነዋ።

ሲስተር፦ ደረትዎ ያፏጫል?

ሊቁ፦ የማን ደረት የማያፏጭ አለ? ሰው ተኝቶ ስለሆነ አይሰማውም እንጂ።

ሲስተር፦ ደረጃ ሲወጡስ?

ሊቁ፦ እየቆምኩ ነው የምወጣው። ወሬ ስለማወራ።

አናጢው፦ ብቻህን ስትወጣም ትቆማለህ።

ሊቁ፦ ብቻዬን ስሆን አስባለሁ።

ሲስተር፦ ሱቅ ውስጥ ፓውደሩ፣ የፀጉር ብናኙ፣ ሽቶው ሲነፋ?

ሊቁ፦ ትንሽ ያፍነኛል። የሙያ ነገር ነው። የሚያፍን ሥራ የሌለው ሰው አለ?

ሲስተር፦ ከመቼ ጀምሮ ነው?

ሊቁ፦ ከልጅነቴ።

ሲስተር፦ ታይተው አያውቁም?

ሊቁ፦ ምን ብዬ ነው የምታየው? ሌላው ሰው እንዴት እንደሚተነፍስ እኔ በምን አውቃለሁ ሲስተር? ያለኝ የራሴው ሳንባ ብቻ ነው። ሁሉም እንደዚህ መስሎኝ ነበር።

(አናጢው የያዘለትን ፎጣ ያጣጥፈዋል።)

አናጢው፦ እና እኔን ስትሸከመኝ?

ሊቁ፦ ከባድ ነህ አልኩህ አይደል?

(ሲስተር ማዳመጫውን አንገቷ ላይ ትሰቅላለች።)

ሲስተር፦ ከሚያዩዋቸው በሽተኞች ብዙዎቹ ከእርስዎ የተሻለ ደረት አላቸው። ዶክተሩን እጠራለሁ። አልጋው እንደሆነ ገና ሙቅ ነው። (ለአናጢው) ጠርሙስዎን ያምጡና ያሳዩኝ፤ እሳቸውም ይዩ።

(አናጢው ጠርሙሱን ከመስኮቱ ያነሣል፣ ወደ ብርሃን ይዞ ደርቆ እንደሆነ ያያል። ሰማያዊውን ይንጣል፣ በቀዳዳው ያስገባል፣ ትንፋሹን አውጥቶ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይይዛል፣ አንዴ ይጫናል፣ ቀስ ብሎ ይስባል። ዓይኑን ጨፍኖ ያምቃል። ሊቁ ሳያውቀው አብሮት ያምቃል።)

ሲስተር፦ ጥሩ። ቤትስ?

አናጢው፦ ቡናማው በየቀኑ፣ ታመምኩም ዳንኩም፤ ከዚያ አፌን መጉመጥመጥ። ክኒኑን እስኪያልቅ። እንጨት ስፍቅ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ አቧራውንም በውኃ አርሼ። ሰማያዊው ከኪሴ አይለይም። ሰማያዊው አልሠራ ካለኝ፣ ወይም ጨርሼ መናገር ካቃተኝ፣ ማንንም ሳላማክር ወደዚህ።

ሲስተር፦ 'ማንንም ሳላማክር' የሚለውን እኔ አላልኩም።

አናጢው፦ እሱን እኔ ጨመርኩት።

ሲስተር፦ ጥሩ ነው፣ ይቆይ። በሳምንቱ ለቀጠሮ ይምጡ። እሳቸውንም ይዘዋቸው ይምጡ።

ሊቁ፦ እኔስ ዛሬ ማን ያስታምመኛል?

አናጢው፦ ልጅቷን ቤት አስገብቼ እመለሳለሁ። እዚያች ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ምንም ነገር አልመክርህም።

(ሲስተር ከአልጋው ራስጌ ያለውን መድኃኒት የሚያተን መሣሪያ ታበራለች። ለሊቁ አፍና አፍንጫ ላይ ጭምብል ታደርግለታለች። ነጭ ትነት በጎንና በጎን ይወጣል።)

ሊቁ፦ (ከጭምብሉ ውስጥ) ሲስተር፣ ይኼ ነገር እኔ እንደማውቀው ከሆነ ...

ሲስተር፦ ጭምብል አድርገው አይናገሩ። መድኃኒቱ ይባክናል። ዝም ብለው ይሳቡ።

(ሊቁ ዝም ይላል። ይስባል፣ ያወጣል። ፊቱ ቀስ በቀስ ይፈታል። ግንባሩ ላይ የኖረው ሽብሽብ ይለቃል፤ ትከሻው ይወርዳል። ትልቅ ሰው ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ አየር የሳበ ይመስላል፤ ግራ ገብቶት አናጢውን ያየዋል። አናጢው አንገቱን ይነቀንቅለታል። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ማዶ የተኛው ሰውዬ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያልሰማውን ጸጥታ ሰምቶ ከትራሱ ቀና ይላል።)

አናጢው፦ (ጫማውን እያሠረ፣ በሹክሹክታ) ሲስተር።

ሲስተር፦ አቤት።

አናጢው፦ ይህች ጭምብል ለቤትም ትታዘዛለች?